«እስከ ጉሮሮዬ ተይዣለሁ በሉት»

በዚያ ዘመን ጅማ ውስጥ «በላይነሽ» ቢባል ብዙ ሰው አያውቀኝም፤ «ምላጭ» ሲባል ግን ሂርማታ ገበያ ውስጥ የማያውቀኝ አልነበረም። ስሙን ያወጡልኝ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ናቸው። ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ ምላጭ ከእጄ አይለይም፤ እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ እጄ ሳይሆን ስለ አፌ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። አባቷ ለሞተባት፣ ባሏ ለዘመተባት፣ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ማሽን ላይ ለምትውል ሴት፣ ሰው የሚፈራው አፍ አጥር ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ያ አጥሬ እንዴት እንደፈረሰ ነው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ አራት ቀን ብቻ ነው የፈጀው።

ነገሩ የመጣው በቤት ነው። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ አባቴ ያወረሰኝ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረኝ፤ በኖራ የተለቀለቀ፣ ቆርቆሮው ያልዛገ፣ ከጓሮው አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ያለበት። ባለቤቴ ሽፈራው ሾፌር ነበር። ጦሩ ወስዶት ሰሜን ዘመተና እግሩን ተመታ፤ አዲስ አበባ የቁስለኞች ሆስፒታል ተኛ። ሄጄ አየሁት። አጥንቱ መግል ይዞ ነበር። ሐኪሙ በረንዳ ላይ አውጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ከአራት ወር በኋላ አልጋውን ይለቃል፤ ሌላ ቁስለኛ ይጠብቃል። ግን ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ ቁስሉ ካልታጠበ ያ እግር ይቆረጣል።»

ከጅማ አዲስ አበባ በየሳምንቱ መመላለስ በዚያን ጊዜ መንገድ ለጤነኛም አይታሰብም። ሽፈራው ልመና የማያውቅ ሰው ነው፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «አንዲት ክፍል ተከራይተሽ፣ ማሽንሽን ይዘሽ ብትመጪ…» ብሎ ጀመረና ተወው። «ቤቱን ሽጬ እመጣለሁ» አልኩት። ስለዚህ ቤቱ ካልተሸጠ የሽፈራው እግር የለም ማለት ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ቤት መሸጥ መለወጥ ቀለል ያለበት ሰሞን ነበር። ከዚያ በፊት ደላላ በቀበሌ ስብሰባ «አቀባባይ» እየተባለ ሲወገዝ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ሁሉም ከየጎሬው ወጥቷል። ከሁሉም የሚታመኑት አባ ቦራ ናቸው አሉኝ። የጅማ ተወላጅ፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ከቡና እንጨት የተሠራች ዱላ ይይዛሉ፤ ዱላዋን ለመመርኮዝ አይደለም የሚይዟት፤ ለሥራ ነው። ቤቴ መጥተው ጣሪያውንም ወለሉንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱና ሦስት ጊዜ መቱት። ጆሯቸውን ለጠፉ።

«ግድግዳ ይናገራል፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምስጥ የበላው ያለቅሳል። ጤነኛው አለሁ ይላል። ያንቺ አለሁ አለ።»

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። መዳፌን ሲመቱት እስከ ጎረቤት ተሰማ። «እንግዲህ ይህ ቤት በኔ አፍ ነው» አሉ። «እኔ ሳልለቀው ሌላ አፍ አይገባበትም። ስለቀው ደግሞ እጅሽን መልሼ መትቼ ነው። ሐቅ ነው።» እሺ አልኩ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ፣ ያችው መዳፍ ብቻ። ጅማ ውስጥ ያቺ መዳፍ ከማዘጋጃ ቤት ማኅተም ትበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባ ቦራ ጠፉ።

አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፤ ገዢ እያፈላለጉ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንት ሆነ። የሚውሉት ነስሩ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር፤ እዚያ ሄድኩ፣ ወንበራቸው ባዶ ነው። ጋሽ ነስሩ እኩያቸው ናቸው፤ ብርጭቆ እያጠቡ «ነገ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። በማግስቱም «ነገ»። በሳምንቱም «ነገ»። ቤታቸው ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ሁለት ሰው ቤቴን ሊያይ መጥቶ «አባ ቦራ የያዘው ነው?» ብሎ ጠይቆ ተመለሰ። ሁለት ወር አለፈ። ሽፈራው በየደብዳቤው ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አይጽፍም፤ እንዳያስጨንቀኝ ነው። ያ ዝምታው ነበር ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

አንድ ቀን ብሶብኝ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆምኩና ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሽ ነስሩ፣ ዛሬስ ሰውየው የት ነው?» አልኩ።

ጋሽ ነስሩ ግራ ቀኝ አይተው፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ «ቀበሜራ» አሉኝ። ኦሮምኛው ያልገባኝ መስሏቸው በአማርኛም ደገሙልኝ፦ «ተይዟል፣ በላይኔ። ተይዟል።»

እኔ ምን ሰማሁ? «ሥራ ይዞታል» የሚል ሰማሁ። ደላላ ሁሉ ሰባት ቤት በአንድ አፍ ይዞ የሚሮጥበት ሰሞን ነው። የኔ ባል እግር መግል ሲይዝ እሳቸው የሀብታም ቤት ሲያሻሽጡ ታየኝና ደሜ ፈላ።

«ተይዟል? እኔም ተይዣለሁ በሉት! እስከ ጉሮሮዬ ተይዣለሁ በሉት!»

የጋሽ ነስሩ ፊት ተለዋወጠ። «አንቺም?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም!» ብያቸው ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ጥሩ አድርጌ ነገርኩት እያልኩ ራሴን ሳሞግስ ትዝ ይለኛል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የኔ ቃል ከአፋፉ ወድቆ የት ድረስ እንደተንከባለለ ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው።

ወሩ አልቆ፣ ሽፈራው ከሆስፒታል ሊወጣ አራት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአጋሮ ሐጂ ከማል የሚባሉ የቡና ነጋዴ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ ለሙሽሮቹ ቤት ይፈልጋሉ። ቤቱን ዞረው አዩ። የአቮካዶውን ዛፍ ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። በጠየቅኳቸው ዋጋ ብዙ አልተከራከሩም። ልክ ሊጨርሱ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ደላላሽ ማነው?»

«አባ ቦራ ነበሩ። ትቻቸዋለሁ።»

«ትተሽዋል» አሉ ሐጂ ከማል። «እሱስ ትቶሻል?»

እኔ ምላጭ፣ ልመና ጀመርኩ። ሰውየው ጠፍተዋል፣ ሦስት ወር ድምፃቸውን አልሰማሁም፣ ባሌ እንዲህ ሆኗል ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሐጂ ከማል አዘኑ፤ ማዘናቸው ከልብ ነበር፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰው ሐቅ ረግጬ ልጄን አልድርበትም፣ ወላሂ። በአባ ቦራ አፍ ያለ ቤት ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት እመጣለሁ። ለቅቆኛል የሚል ምልክት አሳዪኝ፤ እዚያው እንጨርሳለን። ካልሆነ ጅሬን ላይ አንድ ቤት አለ፣ እሱን እይዛለሁ። ልጁ ቸኩሏል።»

ረቡዕ ጠዋት ነስሩ ሻይ ቤት የደረስኩት ገና ሻዩ ሳይፈላ ነው። ዛሬ ከዚህ አልንቀሳቀስም፣ የት እንዳሉ ካልነገሩኝ እጮሃለሁ፣ ብዬ በአባ ቦራ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ነስሩ ከጩኸቴ ይልቅ የገረማቸው ሌላ ነገር ይመስል ነበር፤ አንገት አንገቴን ያያሉ።

«አንቺ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና እመስላለሁ?»

የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ከዚያ «ሸቤ ነው፤ ሴት ልጁ ዘይነባ ዘንድ» አሉ። «እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ፣ በአላህ ይዘውኛል። ሂጂና እዪ። ግን ቀስ ብለሽ ግቢ።»

ቀስ ብዬ ልግባ! ሸቤ በሚሄደው አሮጌ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ መንገዱን ሙሉ የማደርገውን ንግግር ሳዘጋጅ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት መስሏቸው አሜን ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ኬላ ጋ አስወርደው ስንቃችን ውስጥ ቡና ደብቀን እንደሆነ በረበሩን፤ ፈታሹ ላይ ሳይቀር በዚያው ንግግር ልሟሟቅ ከጅሎኝ ነበር፤ ተውኩት፣ ለአባ ቦራ ላስቀምጠው ብዬ። መግቢያውን ደጋግሜ አሰማመርኩት። በጣም ያኮራኝ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «አፍ አለው ብዬ እጄን የሰጠሁት ደላላ ዲዳ ሆኖ አረፈው!»

ሸቤ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ቤቱን አሳዩኝ። ደጁ ላይ ሰሌን ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ አንዲት ሴት በእግሯ ታገላብጠዋለች።

«የአባ ቦራ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ። አንቺ ማነሽ?»

«በላይነሽ። ከጅማ፣ ከሰቶ ሰመሮ።»

ሴትዮዋ ባለችበት ደረቀች። «ልብስ ሰፊዋ በላይነሽ?» አለችና አፌን ትክ ብላ አየችው። ጥፋተኛነት መሰለኝ። «አዎ፣ ልብስ ሰፊዋ!» ብዬ ገፈተርኳት ባልልም ገፋ አድርጌያት ገባሁ።

አባ ቦራ ከግድግዳው ጥግ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከውጭ ብርሃን ገብቼ ስለነበር ፊታቸው በደንብ አይታየኝም፤ ነጩን ኮፍያ ብቻ አየሁ። እሱ በቃኝ።

«አባ ቦራ! ሦስት ወር ሙሉ እግሬ እስኪነቃ ፈለግሁዎት። አፍ አለው ብዬ እጄን የሰጠሁት ደላላ ዲዳ ሆኖ አረፈው! ባሌ…»

ከዚህ በላይ አልሄደም። ዓይኔ ጨለማውን ለምዶ ነበር። የአባ ቦራ አፍ በአንድ ጎን ተጣሞ ወርዷል። ቀኝ እጃቸው እንደተጣለ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። አፋቸው ሊከፈት ይታገላል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። እንባቸው ይወርዳል። እኔን የገደለኝ እንባቸው አይደለም። እየሳቁ ነበር። በሚሠራው ግማሽ ፊታቸው እየሳቁ፣ በግራ እጃቸው ያቺን የቡና እንጨት ዱላ አንስተው ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ መቱት።

ዘይነባ ከኋላዬ ገብታ «አልሐምዱሊላህ! ትናገሪያለሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ተይዛለች ብለውን!»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ሁሉንም ነገረችኝ። አባቷ እጄን በመቱ በሳምንቱ ንጋት ላይ ለሱብሂ ሶላት ሊነሱ ሲሉ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸውም አፋቸውም አብሮ ተያዘ። ባሏ ጀማል ሾፌር ነው፤ በመኪናው ጭኖ ወደዚህ አመጣቸው።

«የደላላ ሀብቱ አፉ ነው» አለች። «ሂርማታ ከሰማ ማን ይጠራቸዋል? እስኪሻላቸው እንደብቅ አልን። ጋሽ ነስሩንም በአላህ ያዝናቸው። ከዚያ ጀማል አንድ ቀን ከጅማ መልእክት ይዞ መጣ። 'በላይነሽም ተይዛለች፣ እስከ ጉሮሮዋ' አለን። ነስሩ ናቸው የነገሩት። አባባ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። አፋቸውን እያሳዩ፣ ወደ ጅማ እያመለከቱ፣ ያለቅሳሉ። ያቺ ልጅ ከአፏ ሌላ ምን አላት ማለታቸው መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሶላቱ እጃቸውን እያነሱ…» ቆም አለች። «አንድ እጃቸውን እያነሱ ዱዓ ያደርጉልሻል።»

እኔ ስሳደብ እሳቸው ሲጸልዩልኝ። አንድ ወር ሙሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ በአንድ እጅ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ መንገድ ያሰማመርኩት «ዲዳ» የሚለው ቃል ገና ክፍሉ ውስጥ ያለ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚያየኝ መሰለኝ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ፤ አላወቅኩም፣ አላወቅኩም» አልኩ። ግራ እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። ከባድ ነበር፤ ሞቅ ያለም ነበር።

ስለ ቤቱ ልጠይቃቸው እንደመጣሁ ረስቼው ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ዘይነባ «አንዴ ከመቱ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመቱ አይደለም ነው» አለችኝ። አባ ቦራ በዱላዋ ጫፍ ወለሉ ላይ ቤት ሳሉ፤ አራት መስመርና አንድ በር፤ ከጎኑ ክብ፣ የአቮካዶው ዛፍ። ከዚያ ዓይኔን አዩኝ።

ደፈርኩና ነገርኳቸው። የሽፈራውን እግር፣ የሐጂ ከማልን ቃል፣ የዓርቡን ቀነ ገደብ። የአጋሮው ሐጂ ከማል ስል አንዴ መቱ፤ ጥሩ ሰው ነው ማለታቸው ነው። «ግን ሐጂ እርስዎ ካልለቀቁኝ አይገዙም» አልኩ። «ለዚያ ነው የመጣሁት። አሁን ግን አፌ አይልልኝም። እርስዎ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ልልቀቅ ማለት ግፍ ነው። ይቅርብኝ።»

ዱላዋ ሁለቴ መሬቱን መታች። በኃይል። አይደለም!

«የእርስዎስ ሐቅ፣ የድለላው ብር?»

ሁለቴ።

ከዚያ ዱላዋን አስቀመጡና በዓይናቸው ቀኝ እጄን ጠሩ። ዘረጋሁ። ግራ እጃቸውን ሊሰጡኝ ነው ብዬ ነበር፤ ለእሳቸው ግን በግራ እጅ ውል አይፈታም፣ ነውር ነው። በግራ እጃቸው የሞተውን ቀኝ እጃቸውን አንጓው ላይ ያዙት፤ አነሱት፤ ግንባራቸው ላብ አወጣ፤ መዳፌ ላይ ጣሉት። በመጀመሪያው ቀን እስከ ጎረቤት የተሰማው መዳፍ አሁን ምንም ድምፅ አላሰማም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ያን ቀን እዚያው አደርኩ። ሐሙስ ጠዋት ስነሳ አባ ቦራ ዱላዋን ወደ እኔ ገፉ። ዘይነባ ተረድታ «ለሐጂ ምልክት ይሁንሽ ነው የሚሉሽ፤ ይህችን ዱላ የማያውቅ ነጋዴ የለም» አለችኝ።

«አይሆንም! በምን ሊናገሩ ነው?»

አባ ቦራ የግራ እጃቸውን ጣቶች አጥፈው በአንጓቸው ግድግዳውን አንዴ መቱ። አዎ። በዚህ እናገራለሁ። ዘይነባም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው። ስወጣ ዘይነባ እጄን ይዛ «ሂርማታ ላይ እንዳትናገሪ» ብላ ለመነችኝ። «ሞቼ እገኛለሁ» አልኳት። ይህን ያለችው ምላጭ ናት፤ የገበያውን ወሬ ሁሉ ከፈትሉ እስከ ቋጠሮው የምትተረትረው።

ዓርብ ሐጂ ከማል በሰዓታቸው መጡ። ዱላዋን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከማሽኑ ጎን አስቀምጬ ነበር። አዩአት። ቃል ሳይናገሩ አነሷትና ወደ ግድግዳው ሄደው ሦስት ጊዜ መቱ፤ እንደ አባ ቦራ ጆሯቸውን ለጠፉ። ያንን ከማን እንደተማሩት አልጠየቅኳቸውም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስንት ቤት አብረው እንዳዳመጡ እነሱ ያውቃሉ።

«አለሁ ይላል» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው «አባ ቦራ ይህችን ዱላ ለልጁም አይሰጥም ነበር። ምን ሆኖ ነው?»

ጥያቄው ፊቴ ተቀመጠ። ምላሴ ጥርሴ ላይ ደረሰ። ዘይነባን አሰብኩና ያችኑ የጋሽ ነስሩን ቃል ብቻ መለስኩ።

«ተይዘዋል።»

እኔ በወር ያልገባኝ ነገር ለሐጂ ከማል በአንድ ትንፋሽ ገባቸው። «አፉን?» አሉ። ዓይኔን ወደ ማሽኑ መለስኩ። ዱላዋን አገላበጧት። «አላህ ያሽረው» አሉ። «አንቺ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልሰማሁም። ዱላውንና ሐቁን ራሴ ሸቤ አደርሳለሁ። አሁን እጅሽን አምጪ።»

ቤቱ ተሸጠ። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኔን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ አዲስ አበባ ገባሁ። ሽፈራው ከሆስፒታል ሲወጣ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር። እግሩ ዛሬም አለ፤ ጉልበቱ አይታጠፍም እንጂ አለ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይዤው የገባሁት ሰው ያወቅሁት ሽፈራው አልነበረም። ስለ ጦርነቱም፣ ስለ ሕመሙም፣ ስለ ምግቡም አይናገርም። ቀኑን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። የቀድሞዋ በላይነሽ ብትሆን «ቤቴን ሽጬልህ ቃል ትነፍገኛለህ?» ብላ በሁለተኛው ሳምንት ትዘለዝለው ነበር። ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። በሦስተኛው ክራንቹን እጁ ላይ አኖርኩለትና «አትናገር» አልኩት። «አንዴ ከመታህ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታህ አይደለም ነው። ያምሃል?» ክራንቹን አነሳና የአልጋውን ብረት አንዴ መታ። «ልቀመጥ አጠገብህ?» አንዴ። ወደ አራት ወር እንዲህ ተነጋገርን። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብለት «ስኳር በዛበት» አለኝ፤ እኔም ስኳሩን ትቼ አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መልስ የሚነፍግ ሰው አይጠፋባችሁም። ደብዳቤ የማይመልስ፣ በር የማይከፍት፣ ነገ የሚል። አንዳንዱ ንቆ ነው፤ እሱንም አይቻለሁ፣ ለእሱ የምትሆን ምላጭ ዛሬም ኪሴ ውስጥ አለች። ግን ንግግራችሁን ከማሰማመራችሁ በፊት አንዴ «ምን ነካው?» በሉ። እኔ ያችን አጭር ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ከሂርማታ እስከ ሸቤ ያን ሁሉ መርዝ ባልተሸከምኩ ነበር። ደግሞም መልእክት ስትልኩ ሌላ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚሰማው አስቡ። የኔን ስድብ አንድ ሽማግሌ ሕመም አድርጎ ሰማው፤ ጸለየበትም። ሁሉም እንደዚያ አይሰማም።

ከዓመት በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የተከራየናት ክፍል ግድግዳ ከውጭ በኩል ሦስት ጊዜ ተመታ። በሩ ሳይሆን ግድግዳው። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ወጥቼ ሳይ አንድ አቧራ የለበሰ ሾፌር ቆሟል፤ የዘይነባ ባል ጀማል ነኝ አለኝ። ቡና ጭኖ መጥቷል። «አባባ ናቸው የላኩኝ» አለ እያፈረ። «አሁንም አይናገሩም። ግን በዱላቸው አስረድተውኛል፤ ቤቷን ፈልግ፣ ግድግዳዋን ሦስቴ ምታ፣ መልሱን አምጣልኝ ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»

ከውስጥ ሽፈራው በክራንቹ የአልጋውን ብረት አንዴ ሲመታ ሰማሁ። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ።

«አለሁ በላቸው» አልኩት።